አርብ በኪሴ ጉብታ ላይ

ኮሼ አርቲ ውስጥ በቱልን የማያውቃት ሕፃን የለም፤ የሚወዳትም የለም። ከዶንጎላ በታች አባይ ከሚታጠፍበት ጀምሮ እስከ መጨረሻው የተምር ተክል ድረስ ያለውን ልጅ ሁሉ የከተበችው እሷ ናት። የክትባት ሣጥኗን አንግታ በር ላይ ብቅ ስትል ልጆቹ አልጋ ሥር ይገባሉ፣ እናቶቹ ሻይ ይጥዳሉ፣ ሽማግሌዎቹ ወግ ይጀምራሉ። በቱል ደግሞ ወግ ሲሏት ሟች ናት። ይህ ድንጋይ ለምን እንዲህ ተባለ፣ ያ ጉብታ የማን ነበር፣ እዚያ ማን ሰጠመ፤ ሁሉን ትጠይቃለች፣ ሁሉን ትሰማለች።

ባሏ ከሞተና ልጇ አትባራ ከተማ ካገባች ወዲህ የምትኖረው ከአማቷ ከሐጃ መስካ ጋር ነው። ሐጃ ጆሯቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን ገና አልደከመም። ማታ ማታ አማትየው መቁጠሪያቸውን ሲያንከባልሉ በቱል ስልኳን ትከፍትና «የአባቶች ዱካ» የሚባለውን ገጽ ታነባለች። ገጹ ከአገሩ ጥግ እስከ ጥግ ያለ ሰው የሚሰባሰብበት ነው። አንዱ እርሻው ውስጥ ያገኘውን የሸክላ ስባሪ ፎቶ ያወጣል፤ ሌላው፣ ከሩቅ ከተማ ሆኖ፣ «ይሄ የወይን ጋን አፍ ነው» ይለዋል። አንዷ የአያቷን ፎቶ ታወጣለች፤ የማታውቀው የአክስቷ ልጅ ከሌላ አገር ብቅ ይላል። በቱልም ከሽማግሌዎቹ የሰማችውን የቦታ ስም መጻፍ ጀመረች። «ማሻአላህ፣ ኡስታዛ በቱል!» ይሏታል። ክትባት ሰጪን ኡስታዛ፣ መምህርት፣ ብሎ የጠራ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ደስ አላት።

ከሁሉ አብልጣ የጻፈችው ስለ ኪሴ ነው። ኪሴ ከመንደሩ በስተጀርባ፣ በረሃው ጫፍ ላይ ያለ ጉብታ ነው። አናቱ ላይ የፈራረሰ የጭቃ ጡብ ግንብ አለ፤ እግሩ ሥር የመንደሩ መቃብር። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ መንደር ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ የገጹ ሰው «በአባቶቻችን በኖባ ቋንቋ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው» ብሎ ሲጽፍላት ሌሊቱን እንቅልፍ አጣች። ጠዋት ለሐጃ መስካ ጮኻ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ምኑ ነው የገረመሽ?» አሉ ሐጃ። «አባቶቻችን መስገድ እስኪጀምሩ ድረስ ጣራ እየቆጠሩ የተኙ መስሎሽ ነው?»

ነገሩ የተበላሸው በክረምቱ ማለቂያ ነው። ገጹን የምትጠብቀው ኢህሳን የምትባል፣ ኦምዱርማን የምትኖር ጡረተኛ ሴት ነበረች። በቱል በአካል አይታት አታውቅም፤ በስልክ ግን እንደ እህትማማች ሆነዋል። የቡድኑ ሰዎች ከሰማይ የተነሳውን የምድር ፎቶ እየከፈቱ የዘንድሮውን ካምናው ያስተያያሉ፤ የተቆፈረ ነገር ካለ ለሚመለከተው ይናገራሉ። አንድ ቀን ኢህሳን ሁለት ፎቶ ላከችላት። ባምናው ላይ ኪሴ እንደ ዳቦ ድፍን ብላ ተኝታለች። በዘንድሮው ላይ ፊቷ በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ተበልቷል፤ ፈንጣጣ የጨረሰው ፊት ይመስላል።

«ጉድጓድ ነው» አለች ኢህሳን። «ወርቅ ፈላጊዎች ናቸው። ብረትና ወርቅ በሚያሸት ማሽን እያሰሱ መቃብሩን ይዘርፉታል። አንቺ እዚያው ሆነሽ አላየሽም?»

«ወደዚያ የሚሄድ የለም እኮ። የቀብር ቀን ካልሆነ ማን ይሄዳል?»

«ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ ስሚኝ በቱል። መሣሪያ የያዙ አሉ።»

በቱል እሺ አለች። ነጠብጣቡ ግን ዓይኗ ላይ ቀረ። ባሏ የተቀበረው እዚያ ነው፤ የሐጃ መስካ ልጆች ሁሉ የተቀበሩት እዚያ ነው። አርብ ቀን ጤና ጣቢያው ዝግ ነበር። ወንዶቹ ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ ሲተሙ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ማን ይኖራል ብላ፣ ቶቧን ተከናንባ ወጣች። ሁለት ፎቶ አንስቼ እመለሳለሁ፣ አለች ለራሷ።

ጉብታው ላይ ስትደርስ ያየችው ከሰማይ ከታየው የከፋ ነበር። ጡቡ ተፈንቅሏል። መቃብሩ እንደ ተዘረፈ ጎተራ አፉን ከፍቷል። የከፈን ጨርቅ ብጫቂ በነፋስ ይርገበገባል። ቀና ብላ ወደ መንደሩ መቃብር አየች፤ ጉድጓዱ ወደዚያው እየወረደ ነው። ከትናንት ሙታን እስከ ዛሬ ሙታን የቀረው ጥቂት ነው። ስልኳን አውጥታ አንዱን ፎቶ እንዳነሳች የመኪና ድምፅ ሰማች።

ከበረሃው በኩል ነጭ ፒክአፕ አቧራ እያስነሳ ይመጣል። በቱል ዞር ዞር አለች። ወደ ተምሩ ለመሮጥ ሜዳው ባዶ ነው፤ ዝንብ እንኳ ይታይበታል። ያን ጊዜ ነው ለምን አርብ፣ ለምን በዚህ ሰዓት እንደሚመጡ የገባት። እሷ ሰው የለም ብላ የመረጠችውን ሰዓት እነሱም ሰው የለም ብለው መርጠውታል። ሌላ አማራጭ አልነበራትም። ከምሥራቁ ግንብ ሥር አሸዋ በግማሽ የሞላው አሮጌ ጉድጓድ ነበር፤ ገባችበትና ተኛች፣ ስንዴማ ቶቧን እላይዋ ላይ ሳበች።

ክንዷ ሥር አንድ ደረቅ ነገር ተሰበረ። ሳታይ አወቀችው። የሰው የጎድን አጥንት ነው። «ይቅር በለኝ» አለችው በልቧ፤ ስሙን ለማታውቀው፣ ሃይማኖቱ ሌላ ለነበረ ሰው።

መኪናው ቆመ። ሰዎቹ እየተሳሳቁ ወረዱ።

«ዛሬ ንግሥት እናወጣለን ወይስ እንዳለፈው የሳርዲን ጣሳ?»

«ሚስትህ ከምትሠራልህ ፉል ሳርዲኑ አይሻልህም?»

«ዝም በሉ» አለ ሦስተኛው ድምፅ። ለስለስ ያለ፣ የተማረ ሰው ድምፅ ነበር። ሌሎቹ ወዲያው ጸጥ አሉ። ከዚያ ሰውየው ከስልኩ ላይ ማንበብ ጀመረ፤ «‹አሮጊቶቹ ከምሥራቁ ግንብ ሥር አፈር እንዳንጭር ይከለክሉን ነበር፤ ታላቅ ሰው ተኝቶበታል ይላሉ።› አያችሁ? ሴትየዋ ሁሉን ጽፋልናለች። አላህ ይስጣት። ከምሥራቁ ጀምሩ።»

በቱል የገዛ ቃሏን አወቀችው። ቃል በቃል እሷ የጻፈችው ነው። ይህን ስትጽፍ ከሥሩ የመጣላትን ምርቃት ሁሉ አስታወሰች፤ ከመራቂዎቹ አንዱ ይኸው ከራሷ በላይ ቆሟል።

የማሽኑ ድምፅ ቀረበ፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ እንደ ጫጩት። ያኔ የወርቅ አምባሯ ትዝ አላት። ባሏ ለሠርጋቸው ያጠለቀላት ነው፤ እጇ ከወፈረ ወዲህ ወጥቶ አያውቅም። በምራቋ አርሳ ጎተተችው። ቆዳዋ ተላጠ፤ አምባሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እጇን ሆዷ ሥር ቀበረችው። ማሽኑ ሌላ ርምጃ ቀረበና ጢጥታው ወደ ዋይታ ተለወጠ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጥላ አጠላ።

ዓይኗን ገለጠች። ሳቲ ነበር።

ሳቲ ወድ ፈድል፣ የሟች ባሏ የአጎት ልጅ፣ የመንደሩን የውሃ ሞተር ሁሉ የሚጠግነው ሳቲ። ልጆቹን የከተበችው እሷ ናት። በበዓል ቀን ገበታዋ ላይ ይቀመጣል። ማሽኑን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ ከንፈሩ ነጣ።

«ምን አገኘህ?» አለ ለስላሳው ድምፅ።

ሳቲ ወደ አለቃው ዞሮ፣ «ጣሳ ነው፣ ሙዓለም!» ብሎ ጮኸ። «የሳርዲን ጣሳ!»

ሌሎቹ አውካኩ። «አላልኩም?»

«አውጣውና ጣለው፤ ማሽኑን ያደናብራል» አለ አለቅየው።

የአለቅየው ጫማ ጠጠሩን እየረገጠ መጣ። በቱል ሸሀዳዋን በልቧ ደገመች። ልጇን አሰበች፤ ሐጃ መስካ ምሳ ሰዓት አልፎባቸው በር በር ሲያዩ አሰበች። ሳቲ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ያነሳ መሰለና ክንዱን ወርውሮ ወደ ቁልቁለቱ ጣለ። ከዚያ በእግሩ አሸዋ ገፋባት፤ ፊቷ ላይ፣ አፏ ውስጥ።

«ይኸው ጣልኩት። ይሄኛው ባዶ ነው፣ ሙዓለም፤ ቀድመው በልተውታል። ወዲያ ማዶ ያለው ግንብ ሳይሻል አይቀርም።»

የጫማው ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እየራቀ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሰማችው የዶማ ድምፅ ነው። ጡብ ሲሰበር፣ ሰው ሲያለከልክ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ያው አጥንት ብቻ» የሚል እርግማን። ከመስጊድ ሰው መውጣት ሳይጀምር መኪናው ተነስቶ ሄደ። በቱል ግን አልተነሳችም። ጥላው ዞሮ እስኪሸፍናት ድረስ እዚያው፣ ከዚያ ከማታውቀው ሰው አጠገብ ተኝታ ቀረች።

ቤት ስትገባ ሐጃ መስካ አፈጠጡባት። «ምነው አመድ መስለሽ? ጂን አየሽ እንዴ?»

«ፀሐይ መታኝ፣ ሐጃ።»

«ፀሐይ አፍ ውስጥ አሸዋ ትጨምራለች?»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሳቲ በገመድ የተንጠለጠለ ዓሣ ይዞ መጣ፤ ለሰው ዓይን ምክንያት እንዲሆነው። ግቢው ውስጥ የገመድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አላየሁህም» አለች በቱል።

«እኔም አላየሁሽም።» ዓሣውን መሬት ላይ አኖረ። «የጻፍሽውን ሁሉ አጥፊ። ዛሬውኑ። ሰውየው ገጻችሁን እንደ ቁርዓን ነው የሚያነበው። ‹ይህቺን ሴት የሚያውቃት የለም?› ብሎ ሁለቴ ጠይቆኛል። ‹አንዴ ብናገኛት ሥራ ታቀልልልን ነበር› ይላል።»

«ምን አልከው?»

«አላውቃትም አልኩት። ግን መንደሯ የኔ መንደር ነው፤ እስከ መቼ ያምነኛል?»

«ተዋቸዋ፣ አንተ ሰው! የገዛ አጎትህ መቃብር እኮ ነው ቀጥሎ የሚቆፈረው!»

«መግባቱ ቀሎኝ ነበር። መውጣቱ ነው የጠፋኝ» አለ ሳቲ። «የልጆቼን ስም ያውቃል።»

«ምን እያላችሁ ነው የምትንሾካሾኩት?» ብለው ጮኹ ሐጃ መስካ ከወዲያ ጥግ። «ዓሣው ነው የሚሸተው ወይስ ወሬው?»

በዚያች ምሽት በቱል ለኢህሳን ደወለች። ሁሉን ነገረቻት፤ የሳቲን ስም ግን ዋጠችው። «እኛ ለልጅ ልጅ እናቆይ ስንል ለሌባ መንገድ እየጠረግን ነበራ» አለች ኢህሳን። የበቱልን ጽሑፎች ሁሉ ከገጹ አነሳቻቸው፤ የሌሎችንም ቦታ የሚጠቁም ነገር አወረደች። ለቅርስ ጠባቂዎቹም አመለከተች። ግን የተነበበ ነገር ተመልሶ አይነጠቅም። በማግሥቱ በቱል የመራቂዎቿን ስም አንድ በአንድ እያየች ዋለች። «የጥንት ወዳጅ»፣ «የአባይ ልጅ»፣ «አቡ ያሲር»። የትናንት ወዳጆቿ ሁሉ ዛሬ ፊት የሌላቸው ሰዎች ሆኑባት።

ከዚያ ወዲህ ሣጥኗን አንግታ ስትሄድ መኪና በሰማች ቁጥር ግድግዳ ትጠጋለች። አንድ ቀን ማታ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። «የጥንት ወዳጅ» ነው። «እህቴ ሆይ፣ ምነው ዝም አልሽ? ጽሑፎችሽ ናፈቁን። ደህና አይደለሽም እንዴ?» ይላል። አልመለሰችም። በማግሥቱ ሌላ መጣ፤ «ሐጃ መስካስ እንዴት ናቸው?»

በቱል የሐጃን ስም ገጹ ላይ ጽፋ አታውቅም። ስልኩ ከእጇ ወደቀ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው፤ ደረሰ። ማምሻውን በሩን በውስጥ ቀርቅራ፣ የተምር መፍጫውን ድንጋይ እየገፋች አስደገፈችው። ሐጃ መስካ ቁጭ ብለው አዩዋት።

«አሁን ትነግሪኛለሽ ወይስ ድንጋዩን ልጠይቀው?»

ነገረቻቸው። እንዲሰሙ መጮኽ ነበረባት፤ ስለዚህ ሐጃ ሲሰሙ ጎረቤቱም ሰማ። በሹክሹክታ ልትነግራቸው ሞክራ ነበር፤ «ምን? ምን?» እያሉ አስጮኋት። የሳቲን ስም ብቻ በምንም አላወጣችም። ስትጨርስ እንባዋ ይወርድ ነበር። ሐጃ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

«እኔ ልጆቼን የቀበርኩት እዚያ ነው» አሉ። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። አርብ ወንዶቹ መስጊድ ናቸው። ሴቶቹስ?»

«ቤት ነን።»

«እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ።»

በሚቀጥለው አርብ፣ ወንዶቹ ወደ መስጊድ ሲሄዱ፣ የኮሼ አርቲ ሴቶች በውሃ ማሰሮና በተምር ዝንጣፊ ወደ መቃብሩ ወጡ። ሐጃ መስካን በአህያ አወጧቸው። አንዳንዷ የመጣችው ለሙታኗ ነው፤ አንዳንዷ ለወሬው፤ ሁሉም ግን ፈርተው ነበር። ሳቁ ይበዛል፣ ሲስቁ ግን ዓይናቸው በረሃው ላይ ነው። በቱል ከመሐል ተቀመጠች፤ ቶቧን እስከ ዓይኗ ሳበች።

ነጩ ፒክአፕ መጣ። ርቆ ቆመ፤ ሞተሩ አልጠፋም። ከዚያ አንድ ረጅም ነጭ ጀላቢያ የለበሰ ሰው ወርዶ በቀስታ መጣ። የመኪናውን መሪ የያዘው ሳቲ ነበር፤ ቀና አላለም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እናቶቼ። ማን አርፎ ነው?»

በቱል ያን ለስላሳ ድምፅ ስትሰማ አጥንቷ ውስጥ ገባ።

«እስካሁን ማንም» አሉ ሐጃ መስካ። «ቁጭ ብለን እየጠበቅን ነው።»

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው አፏን ያዘች። ሰውየው ፈገግ አለ። ፊታቸውን አንድ በአንድ ቃኘ። «ኡስታዛ በቱል ትኖራለች አሉኝ። የቱ ናት? ላመሰግናት ነው የመጣሁት።»

ከበቱል አጠገብ የተቀመጠችው የዳቦ ጋጋሪው ሚስት መቃብር ላይ ውሃ እያፈሰሰች፣ ቀና ሳትል፣ «ልጇ ዘንድ አትባራ ሄደች። አራስ አላት» አለች።

«መቼ ትመለሳለች?»

«አራስ ናት አልኩህ እኮ፣ ልጄ። ያንተ ሚስት ወልዳ አታውቅም?»

ዓይኑ በቱል ላይ አረፈ። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም፤ ለመስበርም አቅም አልነበራትም፣ ደንዝዛ ነበር። ነገሩን ያወቀ መሰላት፤ እንዳወቀም ዛሬ ድረስ ታምናለች። «ሰላምታዬን አድርሱልኝ» ብሎ ዞረ። መኪናው ሄደ። ሴቶቹ አቧራው እስኪወርድ ድረስ አልተንቀሳቀሱም፤ ከዚያ አንዷን ማስመለስ ጀመራት፤ ሌሎቹ ጀርባዋን ያሻሹላት ጀመር።

በኪሴ የተጀመረው ቁፋሮ ቆመ። ከከተማ የቅርስ ዘበኛ መጣ፤ ጠመንጃ የለውም፣ የደሞዙም ነገር እንጃ፣ ግን ሰው ነው። የተያዘ ሰው አልነበረም። ኢህሳን በየጊዜው ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ ትልክላታለች፤ ነጠብጣቡ ከወንዙ ማዶ፣ በሌላ መንደር ጉብታ ላይ ወጥቷል። እዚያም ሴቶች አሉ፤ በቱል ስልካቸውን ፈልጋ ደወለችላቸው፤ አንዳንዶቹ ሰሟት፣ አንዳንዶቹ ስልኩን ዘጉባት።

ሳቲ ከዚያች አርብ በኋላ ወደ መንደር አልተመለሰም። ሚስቱ የበረሃው ወርቅ ማውጫ ገብቷል ትላለች፤ ስትለው ግን ሰው ዓይን አታይም። በቱል የሳቲን ልጆች ስትከትብ ስለ እሱ አንዲት ቃል አትተነፍስም። አንድ ጊዜ ብቻ ሴትየዋ እጇን ይዛ፣ «አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?» አለቻት። በቱል፣ «ጥሩ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ» አለቻት፤ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ዛሬም ትጽፋለች፣ ቦታውን ሳትጠቅስ። «የጥንት ወዳጅ» የሚለውን ስም በገጹ ላይ ዳግመኛ አላየችውም፤ ይህ ግን አላሳረፋትም፣ በሌላ ስም ሊመጣ ይችላልና። የኮሼ አርቲ ሴቶች አርብ አርብ መውጣታቸውን አልተዉም፤ አሁን ሻይ ይዘው ነው፣ ሐሜቱም ደርቷል፣ ሐጃ መስካም አህያዋን እየተሳደቡ ይወጣሉ። ነፋሱ ከበረሃ በኩል ሲነፍስና የመኪና ድምፅ የሚመስል ነገር ይዞ ሲመጣ ግን ወሬው ይቆማል፤ ብርጭቆው በእጃቸው እንዳለ ሁሉም ወደዚያው ይዞራሉ።